መልስ ያልጠበቀው ፈተና

ፈተና ያለፈ ፕሮግራም አያስፈራም ይባላል። ውሸት ነው። እኔን እስካሁን የሚያስፈራኝ ያለፈው ነው።

ድርሰት እንጀራ ስለማይሆን ፕሮግራም እጽፋለሁ። ደሴ ፒያሳ አጠገብ ላለ ትንሽ ክሊኒክ የኦክስጅን ማዘዣ ድረ ገጽ ሠርቼ ነበር። ነርሷ የማዘዣውን ቁልፍ ትጫናለች፤ ትእዛዙ ሰርቨር በሚባለው ማእከላዊ ኮምፒውተር በኩል ኮምቦልቻ መጋዘን ይደርሳል፤ ሲሊንደሩ በመኪና የሐረጎን አቀበት ይወጣል። ሰርቨር ወዲያው አይመልስም፤ ስለዚህ ገጹን የሚፈትሽ ሰው መልሱ እስኪመጣ መጠበቅ አለበት። ይህን ሥራ ለሌላ ትንሽ ፕሮግራም ሰጠሁት፤ ፈተና የምለው እሱን ነው። ፈተናዎቹ ሁሉ አረንጓዴ፣ ማለትም አልፏል፣ ሲያሳዩኝ በኩራት አስረከብሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እዚያው ክሊኒክ ተቀምጬ ፈተናዎቹን ሳስኬድ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲመጣ ሲሄድ የዋለው ኢንተርኔት ጨርሶ ተቋረጠ። ፈተናዎቹ ግን አለፉ። ሁሉም። መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ የጻፍሁትን ከፍቼ አነበብሁ። ፈተናዬ ትእዛዙን ወርውሮ፣ መልስ ሳይሰማ "ደህና" ብሎ ይሄድ ኖሯል። ገጹም እንደዚያው ነው፤ ገና ሲጫኑት "ተልኳል" ይላል።

ነርሷን ዛሬ ኦክስጅን አዝዛ እንደሆነ ጠየቅኋት። ጠዋት አዝዣለሁ አለች፤ ከኩታበር የመጡ አሮጊት ተኝተዋል፣ የያዙት ሲሊንደር እያለቀ ነው።

"ተልኳል ይላልኮ" አለች፣ የራሴኑ ገጽ እያሳየችኝ።

ለመጋዘኑ ጠባቂ ደወልሁ። የወሎ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰላምታ ሳያልቅ ጉዳይ አይሰሙም። ስለ ብርዱ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ወገቤ ጠየቁኝ። ለሁሉም ደህና ነው አልሁ፤ ዓይኔ ግን በሲሊንደሩ መለኪያ ላይ ነበር።

"አባቴ፣ ዛሬ ከእኛ ትእዛዝ አልደረሰዎትም?"

"ኧረ ልጄ፣ ምንም የመጣ የለም። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬስ ደሴ በሽተኛ ጠፋ ብዬ ዱዓ አድርጌ ነበር።"

የሆነውን ነገርኋቸው፤ መኪናው ከኮምቦልቻ ወዲያው ተነሣ። ሐረጎ ላይ ጉም ወርዷል፤ ሾፌሩ ስልክ አያነሣም። የአሮጊቷ ከንፈር እየጠቆረ ሄደ። ጎልማሳ ልጃቸው እግራቸውን እያሻሸ በየደቂቃው ይጠይቀኛል፤ ቀርቧል እለዋለሁ። አላውቅም ነበር። እኔም መልስ ሳልሰማ ደህና የምል ሆኜ አረፍሁት።

የመለኪያው መርፌ ቀዩ ላይ ከተኛ በኋላ ሲሊንደሩ በበር ገባ። አሮጊቷ ተነፈሱ። ልጃቸው እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

"አላህ እድሜዎን ያርዝመው ጋሼ፣ እናቴን ያዳኑልኝ እርስዎ ነዎት።"

አሜን አልሁ። ትእዛዙን ከጠዋት ጀምሮ ያስቀረው የእኔ ሥራ መሆኑን አልነገርሁትም። ነርሷ አየችኝና ባዶውን ሲሊንደር ልታወጣ ዞረች።

በማግስቱ ገጹንም ፈተናውንም አስተካከልሁ፤ ጥቂት መስመር ነበር። አሮጊቷ አገር ኩታበር ግን አልሄድሁም። ሩቅ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። አንተ አንባቢ፣ ጥፋትህን ደብቀህ ምርቃት የተቀበልህበት ቤት ካለ፣ ዛሬውኑ ሂድና ንገራቸው።