ጋሽ ደምሴ የካዱት ውሃ

ልጅ ሳለሁ ብስራተ ገብርኤል ተከራይተን በምንኖርበት ግቢ፣ ከጎናችን ያለችውን ክፍል የያዙት ጋሽ ደምሴ የሚባሉ፣ በወጣትነታቸው በጭነት መርከብ ላይ ምግብ ያበስሉ የነበሩ ሰው ናቸው። ያኔ ምሽት ላይ መብራት ሲጠፋ፣ ኩራዛቸው ጭሱን እየተፋ፣ በቆሎ የሚጠብሱበት ፍም ግማሽ ፊታቸውን ብቻ እያቀላው፣ ከኢንዶኔዥያ ወዲያ ስላሉ የደሴት ሰዎች ያወሩልኝ ነበር። ሰዎቹ ታንኳ ላይ ተወልደው ታንኳ ላይ ያረጃሉ። ሲጠማቸው ባሕሩ እስኪሸሽ ጠብቀው ዳርቻውን በባዶ እግራቸው ይረግጣሉ፤ እግራቸውን ድንገት ቀዝቀዝ ካላቸው፣ እዚያ ከአሸዋው ሥር የሚጠጣ ውሃ አለ። ጉድጓድ ሲቆፍሩም ከጉልበት አያሳልፉም።

«የዝናቡ ውሃ ጨዋማው ላይ ተንሳፎ ነው የሚተኛው» ይሉኝ ነበር። «ጠልቀሽ ከቆፈርሽ ጨዉን ትቀሰቅሺዋለሽ።»

አልገባኝም፤ ግን አመንኩ።

አንድ በጋ የግቢያችን ጉድጓድ ደረቀና አከራያችን እትዬ በለጡ ቆፋሪ አመጡ። ሰውየው «ሁለት ክንድ እጨምርበታለሁ» ሲል ሰማሁ። ጨው ሊያስጠጣን ነው ብዬ ዶማውን ማገዶ ክምር ሥር ደበቅኩት። ሲገኝ እትዬ በለጡ ጆሮዬን ይዘው ጠየቁኝ።

«ማን አስተማረሽ?»

«ጋሽ ደምሴ። ጨው ይወጣል ብለዋል።»

ቆፋሪው ሳቀ። «ጨው ቢወጣማ ቁፋሮውን ትቼ ሱቅ እከፍት ነበር፣ እናቴ።»

እትዬ በለጡ በራቸው ላይ ቆመው ወደሚያዩን ጋሽ ደምሴ ዞሩ። «አንተ ሰውዬ፣ ይህን ለልጅ ተናግረሃል?»

ዓይናቸውን ፈለግኩ። እሳቸው ግን ጫማቸውን እያዩ፣ «ተረት ነው፣ እትዬ በለጡ። የልጅ ማስተኛ» አሉ።

ጉድጓዱ ጠለቀ፤ ውሃውም ንጹሕ፣ የሚጠጣ ሆነ። ይኼ ደግሞ ይባስ አቃጠለኝ። በማግስቱ ምሽት «ነይ እንጂ፣ በቆሎው ደርሷል» ሲሉኝ፣ ምላሴ ያኔም አያርፍምና፣ «ውሸታም ሰው ጋ አልቀመጥም» አልኳቸው። ደግመው አልጠሩኝም። ክረምቱ ሳይገባ እህታቸው ጋ ሄዱ፤ የት እንደሆነ የነገረን የለም።

ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም። ያነበብኩትን ሁሉ ያነበብኩት ለቡ ባለችው ሱቄ ውስጥ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ ነው። በቅርቡ ሽፋኑ የወለቀ አንድ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ሳገላብጥ የደሴቶቹን ጉድጓድ አገኘሁት፤ ጨዋማው ላይ የተኛው የዝናብ ውሃ፣ ጥልቀት የሌለው ቁፋሮ፣ የእግሩ መቀዝቀዝ ሳይቀር። ሦስቴ አነበብኩት። ባሕር ዳርቻ የሚሠራው ብስራተ ገብርኤል እንደማይሠራ ለማስረዳት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃቸው ነበር። ታዲያ ለምን ካዱ? ሴትየዋን ፈርተው? የቆፋሪው ሳቅ አሳፍሯቸው? ወይስ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ባሕሩን ያዩት እሳቸው ብቻ ሲሆኑ፣ ያዩትን እሳቸውም መጠራጠር ጀምረው? ባሰብኩት ቁጥር ይምታታብኛል። የማውቀው፣ በዚያ ግቢ የሚያምናቸው አንድ ሰው እንደነበረና እሷም ውሸታም እንዳለቻቸው ብቻ ነው።