«አውጪው» ያልኳት ዕለት

ይህ የሆነው ዘንድሮ፣ ዐቢይ ጾም ከተጋመሰ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ድካም ያስረሳል። ያን ዕለት ደብረ ማርቆስ ክሊኒክ ውስጥ የጮህኩትን ግን አልረሳሁትም።

የምኖረው ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ ባለችው አማኑኤል ከተማ ነው፤ መምህርት ነኝ። ባለቤቴ ባሕር ዳር ስለሚሠራ ቤቱም ልጆቹም እኔው ላይ ናቸው። ትልቋ ልጄ ህሊና ዘጠነኛ ክፍል ናት። የላይኛው ጥርሷ ወደ ፊት የወጣ ነው። ክፍል ውስጥ «ገጣጣ» ካሏት ጀምሮ ለጥያቄ እጇን ማውጣት ተወች፤ ስትስቅም አፏን በእጇ ትሸፍናለች። የሰው ልጅ ሳስተምር እየዋልኩ የራሴ ልጅ ዝም ስትል ማየት አንገበገበኝ።

ደብረ ማርቆስ በወር አንዴ ከአዲስ አበባ የሚመጣ የጥርስ ሐኪም እንዳለ ሰማሁና ወሰድኳት። እኔ የማውቀው ጥርስ ላይ የሚታሰረውን ሽቦ ነበር። እሱ ግን እንደ ወፍራም እስክሪብቶ ያለች ካሜራ አፏ ውስጥ አዟዟረና ጥርሶቿን በሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ አወጣቸው። ቀጥሎም ቀስ በቀስ ገብተው መጨረሻ ላይ ምን እንደሚመስሉ አሳየን። ህሊና ያንን ስታይ እጇን ከአፏ ላይ አነሳች። በሌላ ቀጠሮ በልኳ የተሠሩ፣ ቁጥር የተጻፈባቸው፣ መስታወት የመሰሉ ስስ የፕላስቲክ ሽፋኖች ሰጣት። በየሁለት ሳምንቱ እየቀየረች፣ ከምግብ ሰዓት በቀር ቀንም ሌሊትም እንድታጠልቃቸው ነገራት።

ከዚያ ምልልሱ መጣ። በየወሩ ከርእሰ መምህሩ ፈቃድ መለመን፣ ሚኒባስ እስኪሞላ መጠበቅ፣ ወረፋ መያዝ። ያን ዕለት ስንደርስ እግሬም ራሴም ዝለው ነበር።

ሐኪሙ ስድስተኛውን ሽፋን ሊያጠልቅላት ሞከረ፤ እምቢ አለው። በካሜራው አየና ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው።

«መምህርት፣ ጥርሷ ከሦስተኛው ወዲህ አልሄደም። ሽፋኑን እያደረገችው አይመስለኝም» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ታናሽ ወንድሜን ቢያህል ነው፤ እስከዚያ ዕለት ግን አንቱ እለው ነበር። «አንተ! ልጄ አትዋሽም! ማሽንህ ሲበላሽ እሷ ላይ ታላክካለህ?» ብዬ ጮህኩ። ክፉ አልመለሰልኝም። ወደ ህሊና ዞሮ፣ «የምታወልቂው መቼ መቼ ነው?» አላት።

ቀና ብላ ሳታየኝ፣ «በጾም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት» አለች። «እማዬ ናት ያለችኝ።»

«እኔ?»

«ጾሙ የገባ ሰሞን። ወጥ እየሠራሽ፣ ‹ጾም አይደለም እንዴ? አፍሽ ውስጥ ያለውን አውጪው!› አልሽኝ።»

ትዝ አለኝ። ከጠዋት ፈረቃ እንደገባሁ ምድጃው ላይ ነበርኩ። ከኋላዬ አፏ ውስጥ የሆነ ነገር ስታንቀሳቅስ ሰማሁና ማስቲካ መሰለኝ። ዞር ብዬ እንኳ አላየኋትም። እሷ ደግሞ ሽፋኑ ጾም የሚያስገድፍ መስሏት፣ ከቅዳሜና እሁድ በቀር በየቀኑ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ስትውል ኖራለች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩት፤ ወደ አንቱታው ተመለስኩ። «እኔም ጾመኛ ነኝ» አለኝ ፈገግ ብሎ። «የማይዋጥ ነገር ጾም ያስገድፋል ብዬ አላምንም፤ ለማንኛውም የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። ከአራተኛው እንደገና እንጀምራለን።»

ውጭ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ጩኸቴን ሰምቷል። አንዲት ከቁይ የመጣች ሙስሊም ነጋዴ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። «አይዞሽ እህቴ» አለችኝ። «እኔም በረመዳን የልጄን አስወልቄው ነበር፤ ሼሃችን እስኪቆጡኝ ድረስ።» ሁለታችንም ሳቅን። ህሊናም ሳቀች፤ አፏን በእጇ ሸፍና።

የንስሐ አባታችን ችግር የለውም ብለዋል። ህሊናም አራተኛውን አጥልቃለች። ሐኪሙ ነገሩን የረሳው ይመስለኛል። እኔን የሚቆጨኝ ጩኸቱ አይደለም። ልጄ ስንት የተመኘችውን ነገር አንድ ወር ሙሉ ቦርሳ ውስጥ ይዛ የዋለችው፣ እኔ ሳላያት በተናገርኩት ቃል መሆኑ ነው።

ዛሬም እንደደከመኝ ነው። ስትጠራኝ ግን ማማሰያውን አስቀምጬ እዞራለሁ።