ከፊርማው በፊት

ፖሊሶች ከኮምቦልቻ ሲወስዱኝ በላዬ ያለው የሥራ ጋዋን ብቻ ነበር። ደሴ ስንደርስ ብርዱ አጥንቴ ገባ። የእስር ክፍሉ በረኪናና እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። ጥግ ላይ አንዲት የኩታበር እናት ተቀምጠዋል፤ ፖሊሶች ልጃቸውን ፈልገው ሲያጡ በምትኩ ያመጧቸው ናቸው። ምንም ሳይጠይቁኝ የጋቢያቸውን ግማሽ ጣሉልኝ።

በምሠራበት ፋብሪካ ቆሻሻ ውሃ የሚለቀቅበትን በር የምከፍተውና የምዘጋው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን የፈረቃ ኃላፊው «ማጣሪያው ሞልቷል፣ ወደ ወንዙ ልቀቂው» አለኝ፤ ለቀቅኩት። ከወንዙ የጠጡ ከብቶች ሞቱ። ገበሬዎቹ በጠሩት ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ማን እንዳዘዘኝ ተናገርኩ። ሕዝብ አነሣሥተሻል ተብዬ ተያዝኩ።

በሦስተኛው ቀን መርማሪው የእኔ ቃል ተብሎ የተጻፈ አንድ ወረቀት ሰጠኝ።

«እህቴ፣ ይፈርሙና ቤትዎ ይግቡ። ነገ ጠዋት እወስደዋለሁ።»

እኛ ፈረቃ ስንቀያየር መዝገቡን የምንፈርመው ቆመን፣ ሳናነብ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲያ ፈርሜአለሁ። እስክሪብቶውን አነሣሁ።

«አንብቢልኝ» አሉ እናትየው።

«የእኔ ቃል ነው እኮ፣ እርስዎን አይመለከትም።»

«ይሁን። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ሁለት ጊዜ ሳይነበብልኝ ጣቴን ቀለም አላስነካም። አንቺ ተምረሽ ነው የምትቸኩይው?»

አነበብኩላቸው። «ድርጅቱ የፍሳሽ መመሪያ አለው፤ ሥልጠናም ሰጥቶኛል። በሩን የከፈትኩት መመሪያውን ጥሼ፣ በራሴ ፈቃድ ነው።»

«ድገሚው።»

ደገምኩት፤ «በራሴ ፈቃድ» የሚለው ላይ ስደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

«ለምን ከፈትሽው? ውሃው ቤትሽ ገብቶብሽ ነበር?»

«ኧረ የለም። ሥራው እንዳይቆም ነው።»

«ወላሂ፣ አሳምረው ጽፈውታል። ሥራው የእነሱ፣ ወንጀሉ ያንቺ።»

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ከተያዝኩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

የተጻፈውን በአንድ መስመር ሰረዝኩት። ከሥሩ «በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። የከፈትኩት በኃላፊው ትእዛዝ፣ ለፋብሪካው ሥራ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ አንብቤላቸው ፈረምኩ። መርማሪው ጠዋት አይቶት «እንግዲህ ይቆያሉ» አለኝ። ቆየሁ፤ የጋቢው ግማሽ ግን አልተነሣብኝም።

ሁለታችንም ከተፈታን በኋላ ድርጅቱ ራሱ በከብቶቹ ሞት ተከሰሰ። ጠበቃው መመሪያውን ይዞ ቀረበና ጥፋቱ የሠራተኛዋ የግሏ ነው ብሎ ተከራከረ። ዳኛው የእኔን ቃል አስነበቡ። መመሪያውን በሩ አጠገብ አይቶት የሚያውቅ ሠራተኛ አልተገኘም። ድርጅቱ ተቀጣ። እኔም ለከፈትኩት ቀላል ቅጣት ተቀበልኩ፤ ቅር አላለኝም።

ዛሬ ቀበሌም ሆነ ባንክ ወረቀት ሲሰጡኝ ድምፄን አውጥቼ ሁለት ጊዜ አነባለሁ። ከኋላዬ የተሰለፈው ያጉረመርማል። በዓመት አንዴ ደግሞ ኩታበር እሄዳለሁ። እናትየው ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙትን ወረቀት ያወጣሉ፤ እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ አነብላቸዋለሁ።