ዓሦቹን የገደልሁ እኔ ነኝ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ደብዳቤ እንኳ አልጻፍሁም፤ ለማን እጽፋለሁ? ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ደብተሬን ካስቀመጥሁ ወዲህ እስክርቢቶ የያዝሁት ለመፈረም ብቻ ነው። የምጽፈውንም ነገር ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርሁም። ለባሌ አልነገርሁም። ለነፍስ አባቴ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ እናቴን መቆጣቴን ሁሉ ተናዝዣለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይታሰራል። እሳቸውም "ሌላ አለሽ ልጄ?" ይሉኛል። "የለኝም አባ" እላለሁ። በንስሐ ላይ ውሸት ጨምሬ እመለሳለሁ። ስለዚህ እናንተ ስሙኝ። አጽናኑኝ አላልሁም፤ ስሙኝ ብቻ።

እኔ ዓይነ አፋር ነኝ። በልጅነቴ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እገባ ነበር። ለዚህም ሰው ያመሰግነኛል፤ "ጨዋ ልጅ ናት፣ ድምጿ አይሰማም" ይሉኛል። ይህ ምስጋና ሲታወሰኝ ደሜ ይፈላል። ድምፄ የማይሰማ ስለሆነ አንድ ቀን የተናገርሁትን ሰው ሁሉ አመነኝ። ለፍላፊ ብሆን ኖሮ ማን ያምነኝ ነበር?

ቢቸና እትዬ ብርቄ የሚባሉ ሴት ጁስ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። አቮካዶና ማንጎ እፈጫለሁ፣ ብርጭቆ አጥባለሁ፣ እርጎ እቀዳለሁ፣ እዚያው ጓዳ አድራለሁ። እትዬ ብርቄ አንድ ጊዜ ባሕር ዳር ሄደው ሆቴል ውስጥ በመስታወት ሣጥን የሚዋኙ ዓሦች አይተው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። ቢቸና ላይ እንዲህ ያለ ነገር ያለው ማንም የለም፣ እኔ ጋ ቢኖር ሰው እሱን ሊያይ ገብቶ ጁስ ጠጥቶ ይወጣል ይሉ ነበር። አንድ ቀን የሞጣ ሹፌር ወሬ አመጣ። እዚያ ሞጣ አቶ ከድር የሚባሉ የላብራቶሪ ባለሙያ ወደ አገራቸው ስለተዛወሩ የቤታቸውን ዓሣ ከነሙሉ ዕቃው ሊሸጡ ነው አለ። እትዬ ቤቱን ዘግተው መሄድ ስላልሆነላቸው እኔን ላኩኝ። ከእንግዲህ የዓሣዎቹ ጠባቂ አንቺ ነሽ፣ የሚነግሩሽን አንዲት ሳትጥይ ይዘሽ ነይ አሉኝ። ብቻዬን መንገድ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። በሕይወት ያለ ዓሣ ደግሞ አይቼ አላውቅም።

አቶ ከድር ቤታቸውን ግማሹን ጠቅልለው ነበር። ፍራሹ ታስሯል፣ ግድግዳው ባዶ ነው፤ ዓሦቹ ብቻ ምንም እንዳልተፈጠረ ይዋኛሉ። ስድስት ናቸው፤ አምስቱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር ጣል ያለበት። መስታወቱን፣ የብረት መቆሚያውን፣ አየር የሚነፋውን ትንሽ ሞተር፣ ውኃ የሚያጣራውን ስፖንጅ፣ ከሥር የሚነጠፈውን ጠጠር፣ መረቡንና የምግቡን ቆርቆሮ አንድ በአንድ እያነሡ አሳዩኝ። እንደ አስተማሪ ቀስ ብለው ነው የነገሩኝ።

"ይህ ስፖንጅ ቆሻሻ ይመስልሻል" አሉኝ። "ቆሻሻ አይደለም፤ ኑሯቸው በሱ ነው። ስፖንጁንም ጠጠሩንም በራሳቸው ውኃ እንደራሰ ይዘሽ ሂጂ። እንዳታጥቢው። ሳሙና እንዳይነካው።"

ለምን እንደማይታጠብ አልገባኝም። መጠየቅ ነበረብኝ፤ አፍሬ ራሴን ነቀነቅሁ። እሳቸውም ዝምታዬ አላማራቸውም መሰለኝ፣ ሁሉንም በወረቀት ጽፈው አጥፈው ሰጡኝ። ደረቴ ውስጥ ከተትሁት።

መስታወቱን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ቅጥቅጥ መኪና ላይ ጫንነው። ዓሦቹ አፉ በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ፣ ጠጠሩና ስፖንጁ በአሮጌው ውኃ በባልዲ ውስጥ ሆነው እኔ እግር ሥር ነበሩ። ብዙ ሳንርቅ መኪናው ጉድጓድ ሲመታ ባልዲው ተርገፍግፎ አጠገቤ በተቀመጡ ሽማግሌ ጋቢ ላይ ፈሰሰ። ሽታው መኪናውን ሞላው። አንዲት ሴት አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች። ረዳቱ "እህቴ፣ የሞተ አይጥ ነው እንዴ የጫንሽው?" አለኝ፤ መኪናው በሙሉ ሳቀ። ሽማግሌው "ተዋት፣ ልጅቱ ለሠርጓ ሽቶ ገዝታ ነው" አሉና ጭራሽ አባሱት። ቢቸና እስክንገባ አንገቴን ቀና አላደረግሁም።

ስደርስ እትዬ ብርቄ ለቅሶ ሄደው ነበር። ዕቃውን ፈትቼ አየሁት። መስታወቱ ውስጡ አረንጓዴ ለብሷል። ስፖንጁ ቡናማ ሆኖ ይሸታል። ይህን ነው ሰው ፊት የማቆመው? "የማን ልጅ ናት ይህን ሳታጥብ ያቀረበች?" ቢሉኝስ? የመኪናው ሳቅ ገና ጆሮዬ ላይ ነበር። ሳሙና እንዳይነካው ብለውኛል፤ እሺ፣ ሳሙና አልነካውም። እናቴ ለነጠላ ማጠቢያ የላከችልኝ እንዶድ ግን ነበረኝ። እንዶድ ሳሙና ነው? እንዶድ እግዜር ያበቀለው ፍሬ ነው፤ የቄሶች ጥምጥም የሚነጣበት ነው። ወቀጥሁት። ውኃ ውስጥ መታሁት፣ አረፋው ነጭ ሆኖ ተነሣ። መስታወቱን አሸሁ፣ ጠጠሩን አሸሁ፣ ስፖንጁን ነጭ እስኪሆን ጨመቅሁት። ከዚያ በውኃ አለቀለቅሁት፤ የጠራ መሰለኝ። ስፖንጅ የጠጣውን ሁሉ እንደማይመልስ አላሰብሁም።

እትዬ መጥተው መብራቱ በርቶ፣ መስታወቱ ጠርቶ፣ ዓሦቹ ሲያብረቀርቁ ባዩ ጊዜ እልል አሉ። ግንባሬን ሳሙኝ። ለጎረቤቱ ሁሉ ባለሙያ ልጅ ናት አሉ። እኔም ደስ አለኝ።

በማግሥቱ የገበያ ቀን ነበር። እማማ ታንጉት መጡ። እማማ ታንጉት ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ ለእርጎ መሸጫ የምንጠቀምባቸውን ትንንሽ የሸክላ ጽዋዎች በየገበያው የሚያመጡልን እሳቸው ነበሩ። እሳቸው በሠሩት ድስት ከተማው ሁሉ ወጥ ይሠራል፤ እሳቸውን ግን ቤቱ አያስገባም። እትዬም ጁስ ሲሰጧቸው ለብቻ በተቀመጠ ጣሳ ነበር። ጣሳውን የማቀብለው እኔ ነኝ። እማማ ታንጉት ስለ እናቴ ይጠይቁኝ ነበር። ጠይቀውም ድምፄ እስኪወጣ ቆመው ይጠብቁኛል። ሌላ ሰው እንዲህ አድርጎልኝ አያውቅም።

የዚያን ቀን ጽዋዎቹን ሊያስረክቡ ገብተው፣ ሸክማቸውን አውርደው መስታወቱ ፊት ቆሙ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ሌላው ሰው ገልመጥ አድርጎ "ጉድ ነው" እያለ ያልፋል፤ እሳቸው ግን ብዙ ቆዩ። ዓሦቹ ሁሉ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። እኔ ርቧቸው ነው ብዬ ነበር። እማማ ታንጉት ጎንበስ ብለው ውኃውን አሸተቱና በዝግታ ጠሩኝ።

"ልጄ፣ በእንዶድ አጥበሽዋል እንዴ? ጭቃ የምቆፍርበት ወንዝ፣ ሴቶች ከላይ በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ቶሎ ብለሽ ውኃውን ለውጪላቸው። አለዚያ እነዚህ ሊሞቱ ነው።"

ማንም እንዳይሰማ፣ እኔን እንዳያሳፍሩኝ ብለው ነው ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉት። ይህን አስቡልኝ። እኔን ሊሸሽጉኝ ብለው ነው።

"እሺ እማማ" አልሁ። እሳቸውም ሸክላቸውን ተሸክመው ወደ ገበያ ሄዱ። እኔስ ምን አደረግሁ? ምንም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ውኃ ልቀዳና ላፈስ? ትናንት ባለሙያ የተባልሁት ዛሬ በእንዶድ መረዝኋቸው ልባል? ሰዉ ይውጣ አልሁ። ሰዉ ሲወጣ ሌላ ገባ። ሲመሽ ደግሞ በልቤ ያልሁትን ልንገራችሁ፦ ሸክላ ሠሪ ስለ ዓሣ ምን ታውቃለች? ይህን አልሁ። ከሰው ሁሉ እኔን ሰው ያደረገችኝን ሴት እንዲህ ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት ስድስቱንም ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፍፈው አገኘኋቸው። ያን ጊዜ ነው የአቶ ከድርን ወረቀት ያወጣሁት። "ሳሙና ወይም አረፋ የሚያወጣ ማንኛውም ነገር እንዳይነካው" ይላል። ማንበብ እችላለሁ። ወረቀቱ ደረቴ ውስጥ ነበር። ምድጃ ውስጥ ከተትሁት።

እትዬ ብርቄ ጎረቤታቸውን እትዬ ዘነቡን አስከትለው ገቡ። ጠዋት ጠዋት የሚመጡ ሁለት ደንበኞችም ነበሩ፤ አንዱ ደላላ፣ አንዱ የሳይንስ አስተማሪ። እትዬ ዓሦቹን አይተው ራሳቸውን ያዙ።

"ምን አደረግሻቸው?"

"ምንም" አልሁ።

"ማን ነካቸው ታዲያ?"

"ማንም አልነካቸውም። እማማ ታንጉት ግን ትናንት ብዙ ቆመው አይተዋቸው ነበር። 'እነዚህ ሊሞቱ ነው' ብለው ሄዱ።"

ልብ አድርጉ፤ አንድ ቃል አልዋሸሁም። ያሉትን ነው ያልሁት። ብዙ ቆመው አይተዋቸዋል፣ ሊሞቱ ነው ብለዋል። እንዶዱን ብቻ ዋጥሁት። ውኃውን ለውጪላቸው ያሉኝን ብቻ ዋጥሁት። ሳስበው ኖሬአለሁና አውቀዋለሁ፤ ከአፌ ሳይወጣ በፊት የት እንደሚያርፍ አውቅ ነበር። ስለ ሸክላ ሠሪ የሚባለውን ስሰማ ነው ያደግሁት። ድንጋይ እንደሚወረውር ሰው አነጣጥሬ ነው የተናገርሁት።

እትዬ ዘነቡ "በይ አበቃ፣ በዓይኗ በልታቸዋለች" አሉ።

ደላላው "ቡዳዋ ጾመኛ ናት፤ የጎረቤቱን ዶሮ ሁሉ አልፋ ዓሣ በላች" አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አዎ፣ እኔም ሳቅሁ። አስተማሪው አልሳቀም፤ ፈገግ ብሎ ጁሱን ጠጣ። ልጆቻችንን ሳይንስ የሚያስተምር ሰው፣ ውኃው ምን ነካው ብሎ አንዲት ጥያቄ አልጠየቀም። አንዲት ጥያቄ ብቻ ቢጠይቅ ኖሮ ተይዤ ነበር። በሱም እናደዳለሁ። በከተማው ሁሉ እናደዳለሁ። ከዚያ ደግሞ ንዴቴ ዞሮ እኔው ላይ ያርፋል፤ እሳቱን ያቀበልኋቸው እኔ አይደለሁም?

እትዬ ብርቄ ጽዋዎቹን አንድ በአንድ ደጅ አውጥተው ሰበሯቸው። ስብርባሪውን ጠርጌ ያፈስሁት እኔ ነኝ። በሚቀጥለው ገበያ እማማ ታንጉት ድስት አጠገብ የሚቆም ሰው ጠፋ። ጎረምሶች እንስራዎቻቸውን በእርግጫ መቱ። ቤት ያከራያቸው ሰው ለልጆቼ ፈራሁ ብሎ አስወጣቸው።

ከመሄዳቸው በፊት አንድ ጊዜ ጁስ ቤቱ ደጅ መጡ። አልገቡም፤ ከመንገዱ ዳር ቆሙ። "እሜቴ ብርቄ፣ ልጅቱን ይጠይቁልኝ" አሉ። "ምን እንዳልኋት እሷ ታውቃለች።"

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። "ምን አለችሽ?"

እግዜር ሁለተኛ ዕድል ሲሰጥ እንዲህ ነው። ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። እትዬም ፍርሃት መሰላቸው፤ "ሂጂ ከዚህ፣ ልጅቱን አታስደንግጫት" ብለው በሩን ዘጉት።

አሁን ሰበብ ፈልጉልኝ አልላችሁም። ልጅ ነበርሽ አትበሉኝ፤ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። አልተማርሽም አትበሉኝ፤ እማማ ታንጉት ፊደል አይቆጥሩም፣ እውነቱን ግን ከሁላችንም በፊት ያወቁት እሳቸው ናቸው። ዓይነ አፋር ነሽ አትበሉኝ፤ ስማቸውን ስጠራ ድምፄ ጥርት ብሎ ወጥቷል። እትዬ ብርቄ ዓሣ አልደገሙም፤ በመስታወቱ ውስጥ ብስኩት ደረደሩበት። እኔም ተድሬ ሞጣ እስክገባ ድረስ በየቀኑ እሱን መስታወት ወለወልሁ። ያጣሁት ነገር የለም። የበለጠ የሚያናድደኝ ይኸው ነው።

ባለፈው ሰሞን ሞጣ ገበያ ሸክላ ተራ ውስጥ አየኋቸው። አርጅተዋል። ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበው፣ ለሚያልፈው ሰው ጎናቸውን ሰጥተው ግድግዳ ሥር ተቀምጠዋል። ድስት ሻጭ እንዲህ ይቀመጣል? ሰው እንዲገዛው የሚፈልግ የሰውን ፊት ያይ የለም? የአምስት ወር ልጄን አዝዬ ነበር። ቀረብሁ። ቃሉን በአፌ ይዤዋለሁ፤ ዓሦቹን የገደልሁ እኔ ነኝ፣ የርስዎን ቃል የቆረጥሁት እኔ ነኝ ልል። ፊታቸው ቆምሁ። ቀና ብለው አዩኝ፣ አወቁኝም። ልጄ በትከሻዬ በኩል ብቅ ብሎ ሳቀላቸው። ይህን ጊዜ ፊታቸውን በድንገት ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ዓይናቸውን በእጃቸው ከለሉ። ቃሉ አፌ ውስጥ ቀረ። ዛሬም እዚያው ነው። ይቅርታ አልለመንኋቸውም፣ ከእናንተም አልለምንም። እሳቸው እንደዚያ ግድግዳውን እያዩ የተናገሩኝን ብቻ ልጻፈው፦

"ልጁን አላየሁትም። ሸፍኚውና ሂጂ።"