መሰለች ስለ በረዶው ስታወራ

ልደታ ማርያም አጥር ሥር ጧፍና ሻማ የምትሸጠው መሰለች አንድ ክፉ ልማድ ነበራት፤ ስለ በረዶ ታወራለች። ልማዱን ያስያዘቻት ልጇ ሰብለወንጌል ናት። ልጅቱ ኖርዌይ ሄዳ፣ በመርከብ እየዞረች የባሕር ወለል ጭቃ ታጠናለች። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ፈቃደ፣ "ጭቃ ለማየት ያን ያህል አገር መሄድ ምን ያደርጋል? ክረምት ላይ ጌጃ ሰፈርን የሞላው ምንድን ነው?" ይሉ ነበር፤ ሰውም ይስቅ ነበር።

መሰለች አትበሳጭም። ልጇ በየሳምንቱ ደውላ ያስረዳቻትን ሁሉ፣ ጧፍ ሊገዛ ለቆመ ሰው ሳይቀር ትተርካለች። ሰውየው መልሱን ተቀብሎ ውልቅ ይላል። ጎረቤቷ ነጅማ ደግሞ ገና "በረዶው" ስትላት፣ "እትዬ፣ ሱቁን ክፍት ትቼ ነው የመጣሁት" ብላ ትነሳለች። ሱቁ ውስጥ ባሏ ነስረዲን ሁልጊዜ እንደሚቀመጥ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።

ባለፈው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ጋሽ ፈቃደ ከነሚስታቸውና ነጅማ ተያይዘው ቤቷ መጡ። "እንዲያው እንጠይቅሽ ብለን ነው" አሏት። ደስ አላት። ሻይ ጣደች፤ እግረ መንገዷንም ጀመረች።

"እዚያ ያለው በረዶ እንደኛው እንዳይመስላችሁ። ከተራራ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ሲወርድ ድንጋዩን ይፈጫል፣ አፈሩን እየገፋ ባሕሩ ውስጥ ይከምረዋል።"

ማንም አልሳቀም።

"ከዚያ ይገመስና ይንሳፈፋል። አብዛኛው አካሉ ውሃው ውስጥ ነው። ጥልቀቱ ሲያንስበት ሆዱ ወለሉን ይነካና እንደ ማረሻ እያረሰው ይሄዳል። በረዶው ቀልጦ ካለቀ በኋላ እንኳ ትልሙ ስንት ሺህ ዓመት ይቆያል። ሰብልዬ በመርከቡ መሣሪያ ታየዋለች።"

ነጅማ አልተነሳችም። ሻይዋ ቀዝቅዟል። ጋሽ ፈቃደ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ "ድንጋዩስ? የፈጨውን ድንጋይ የት ያደርሰዋል?" ሲሉ ጠየቁ።

መሰለች ቀና ብላ አየቻቸው። እኚህ ሰው ስለ በረዶው አንድም ቀን ጠይቀዋት አያውቁም። ሚስታቸውን አየች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። ነጅማን አየች። የመጡት ለመርዶ ነው። ያላት ልጅ ደግሞ አንድ ናት።

እንባ አልመጣም። እጇ የሌላ ሰው እጅ መሰላት። የገባት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሷ እስካወራች ድረስ እነሱ አይናገሩም። የሰው ወሬ ማቋረጥ ነውር ነው፣ ጋሽ ፈቃደም ነውር የሚያውቁ ሰው ናቸው።

ስለዚህ ቀጠለች። "ድንጋዩማ በረዶው ውስጥ ተሰንቅሮ ይጓዛል። በረዶው ሲቀልጥ ይወድቃል። ታች ያለው ጭቃ እንደ በሶ ዱቄት የላመ ነው፤ እዚያ መሃል አንድ ድንጋይ ብቻውን ቁጭ ብሎ ይገኛል። ከየትኛው ተራራ እንደመጣ ሰብልዬ ታውቃለች።" ጭቃውን ሳያደፈርስ ከወለሉ ስቦ ስለሚያወጣው ረጅም ቧንቧ ነገረቻቸው። የታችኛው የጭቃ ንጣፍ ከላይኛው በዕድሜ እንደሚቀድም ነገረቻቸው። የነገረቻቸውን ደግማ ነገረቻቸው፤ አሁንም ሰሟት። ሙቀትም ብርድም አይሰማትም፤ የራሷ ድምፅ ብቻ ከሩቅ ይሰማታል።

ከዚያ አለቀባት። ብትፈልግ፣ ብትፈልግ ሌላ የምትለው አጣች።

"ከዚህ በላይ አላስተማረችኝም" አለች። "በሉ ጋሽ ፈቃደ፣ ይንገሩኝ።"