ጦሩ ነው በይ

ፈረንጁ ባሌ ጋፋት መድፍ ይሠራል። ወንድሜ ወናፉን ሲነፋለት እሱ እሳቱ ዳር ሆኖ እንግሊዝኛ ያስተምረኛል።

«ጦርን እንደ አንድ ነገር ካየሽው በነጠላ ጥሪው፤ በውስጡ ያሉትን ወታደሮች ካሰብሽ ግን ‹እነሱ› በይ። አንቺ የቱን ትመርጫለሽ?» አለኝ።

የከሰሉ ጭስ አፍንጫዬን ሲሰነፍጠኝ በተወለድኩበት አገር በገሳይ የነደደው የገብስ ክምራችን ታወሰኝ። ልጅ ነበርኩ። ጦሩ በአገራችን ሲያልፍ አባቴ ክምሬን አላስነካም ብሎ አውድማው ላይ ቆመ። በጎራዴ የጣለው ወታደር የወንዝ ማዶ ጎረቤታችን ነበር፤ ለወንድሜ ክርስትና እቤታችን በልቶ ጠጥቷል።

እናቴ ማየቴን አወቀች። አመድ በነካው እጇ አገጬን ጨብጣ ያዘችኝ።

«ማን ገደለው ቢሉሽ ጦሩ ነው በይ። ስም ከጠራሽ፣ ይህ አድጎ ደም ልመልስ ሲል እሱንም እቀብረዋለሁ» አለችና ያዘለችውን ወንድሜን አሳየችኝ።

የፈሰሰ ደም እንዴት እንደሚመለስ አልገባኝም። ለቀስተኛው ሁሉ ሲጠይቀኝ ግን «ጦሩ ነው» አልኩ።

«እነሱ» አልኩት ባሌን፣ ምላሴ ቀድሞኝ። «ፊት ነበራቸው።»

ወናፉ ቀጥ አለ። ያ ታዝሎ የነበረው ወንድሜ ከእሳቱ ቀና ብሎ አየኝ።

«እታለም፣ የማንን ፊት አየሽ?»