የባሌ ሆድ በድርቁ ዓመት

ያን ጊዜ፣ ድርቁ አገሩን ሲያራቁተው፣ የሰው ሁሉ ሆድ ከጀርባው ተጣብቆ የባሌ ብቻ ወደ ፊት ይገፋ ጀመር። አሁንም ሳስበው ሳቄ ይመጣል። ከከላላ ገበያ ሲመለስ በቅሎ ሆዱን ረግጣው ነበር። ሲያቃስት ከርሞ ተሻለው ስንል ከጎድኑ በታች ያብጥ ገባ። እህል ሲቀምስ ይመልሰዋል። ጎረቤት ግን "እህል ቀብሮ ብቻውን ይበላል" አለ። የገበሬ ማህበሩ ጥበቃ መጥቶ ጓዳዬን በዱላ እየወጋ ፈተሸ። ያገኘው ድመቴን ነው፤ እሷም ከስታለች!

በመጨረሻ ቅሬው በቃሬዛ ተሸክሞ መካነ ሰላም ከተማ አወረደው። እኛ አገር ቅሬ በሽተኛም ይሸከማል፣ ሬሳም ይቀብራል፤ መንገደኛ በምን ይለይ? አንዲት ሴት ከሩቅ ስታየን "ወይኔ ወንድሜን!" ብላ ደረቷን ደቃች። ባሌ ጋቢውን ገልጦ "እቴ፣ ቆይ እንጂ! ምን ያጣድፍሻል?" ቢላት ተሸካሚዎቹ በሳቅ ሊጥሉት ምንም አልቀራቸው።

እርዳታ እህል ያራገፈ መኪና ደሴ አደረሰን። ሐኪሙ ሆዱን በጣቱ መታ መታ አደረገ፣ ነጭ ነገር አጠጥቶ ራጅ አስነሳው። "ከጨጓራው ጀርባ ያለው ቆሽቱ በርግጫው ተጎድቷል። ፈሳሹ ተጠራቅሞ ከረጢት ሠርቶ ጨጓራውን ተጭኖታል" አለን። እኔ ቆሽት ሰው ሲናደድ የሚያር ብቻ ይመስለኝ ነበር።

"ታዲያ አውጡለታ!"

"ገና ነው እህቴ። ከረጢቱ እንደ ወተት ስልባቦት ስስ ነው፤ አሁን ቢነካ ይቀደዳል፣ የስፌት ክርም አይዝ። እስኪጠነክር እንጠብቅ።"

አብሮን የመጣው የቅሬ ዳኛ ተቆጣ። "ወላሂ፣ ይሄን ሁሉ አገር ተሸክመነው ጠብቁ? እባጭ አይደል እንዴ! በዋግምት ደም የሚያወጣ ሰው አውቃለሁ፣ በወስፌ ጠቅ ያደርገዋል፣ ፍስስ!"

ባሌም ተስማምቶ በረባሶውን ይፈልግ ጀመር። ቀድሜው አንስቼ ተቀመጥኩበት።

"አንቺ ሴት፣ አምጪ!"

"አልነሳም። አያ ዳኛ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ፦ ስልባቦት በወስፌ ቢነኩት ምን ይሆናል?"

ዳኛው ጢሙን እያሻሸ "እሱስ... ይበጠሳል" አለ።

ጠበቅን። ክረምቱ ሲያጉረመርም ሐኪሙ ከረጢቱ ጠነከረ ብሎ ሆዱን ከፈተው፤ የተጠራቀመው ውሃ ወደ ጨጓራው ፈሶ በአንጀቱ በኩል እንዲሄድ ከረጢቱን ከጨጓራው ጋር ሰፍቶ አገናኘው። እኔ ደጅ ላይ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ፣ የጎረቤቶቼን ዱዓ ሳይቀር ደባለቅኩት።

ከቀናት በኋላ አንድ ጠዋት ዓይኑን ገልጦ "ራበኝ" አለ።

በዚያ ዓመት ይሄን ቃል ሰምቼ ያላለቀስኩበት ቀን አልነበረም። ያን ጠዋት ግን እልልታዬን ለቀቅኩት። ነርሷ ሮጣ መጥታ "ኧረ እህቴ፣ ሆስፒታል ነው!" ብትለኝ "ራበኝ አለኮ!" ብዬ አቀፍኳት።